ብዲካ ያለ ቁርስ

ትርንጎ ንብረት ስልኳን የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው መጀመሪያ የመሰለኝ ከአምቡላንስ የወረደ በሽተኛ ነው። ጀርባው ላይ ጥቁር ሳጥን በፀጉር ላስቲክ ታስሮበታል። ከሳጥኑ ጣት የምታህል አንቴና ቆማለች። ከሥሩ ደግሞ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነው?» አልኳት።

«እሱስ ደህና ነው። እኔን ነው ያሳመመኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሁለታችንም እስራኤል፣ አሚሻቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ መግቢያ ነው የምንኖረው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ባይነሽ መጀመሪያው ፎቅ። ትርንጎ በዘጠኝ ዓመቷ ከጎንደር የመጣች ናት፤ ይሄ ሁሉ በሆነበት በፈረንጆቹ 2016 ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ የአንድ ኮምፒውተር ኩባንያን ፎቅ ታጸዳለች። አሥር ዓመት ሙሉ ያንኑ ፎቅ። የትኛው ወንበር እንደሚንጫጫ፣ ማን የሻይ ብርጭቆውን መስኮት ላይ ትቶ እንደሚሄድ፣ ሁሉንም ታውቃለች። እሷን ግን እዚያ በስም የሚጠራት የለም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት የኩባንያውን ትንሽ ወጥ ቤት ልታጸዳ ስትገባ ነው። አንድ የማታውቀው ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ አንቴና የተሰካበት ስልክ ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። «ተነስ፣ ወለሉን ልወልውል ነው» አለችው። ሰውየው ተነሳላትና ሳቀ። «እዚህ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሆነኝ፤ ማን ነህ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። ሥራው ይሄ ነው ለካ፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈርመው ይጠሩታል፣ እሱ ሌባ መስሎ ኔትዎርካቸውን ይሞክራል፣ ከዚያ ቀዳዳው የት የት እንደሆነ ጽፎ ይሰጣቸዋል።

ትርንጎ የዚያን ዕለት ደረጃው ላይ አገኘችኝና ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። «ባይነሽ፣ ያ ሰውዬ ሁለት ሰዓት ሳይታይ በመቀመጡ ይኮራል። እኔ አሥር ዓመት ሳልታይ ተንቀሳቅሻለሁ። ይሄ ሥራ ለኔ የተሰፋ ነው።»

እንዲህ ብላ ኩርስ ገባች። ኩርስ በዕብራይስጥ የትምህርት ኮርስ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ይሰጣል። እኛ ሰፈር ግን «ኩርስ ሄደች» ሲባል ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ሌላ ነው። እማማ ይሻሽ ባገኟት ቁጥር «እስካሁን ቁርስ ላይ ነሽ ልጄ? ስንት እንቁላል ይሰጧችኋል?» እያሉ ያስቁብን ነበር። ይችን ቀልድ ያዙልኝ፤ ኋላ ዋጋ ታስከፍለናለች።

አሁን የጨነቃት ይሄ ነው። የኩርሱ አስተማሪ ኢላይ የሚባል ወጣት ነው። ለመጨረሻው ፈተና እያንዳንዱ ተማሪ ባለቤቱ የፈረመለትን አንድ እውነተኛ ኔትዎርክ ፈትሾ፣ ጽፎ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአራት ሰዓት፣ በዚሁ በእስራኤል አቆጣጠር፣ እንዲያስረክብ ነገራቸው። ያስረከበ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱን ለያዘች ትርንጎ ደግሞ አንድ የፍተሻ ድርጅት የጀማሪ ቦታ ይዞላታል። ያላስረከበች እንደሆነ ቦታው ቀጥሎ ላለው ስም ይሄዳል፣ ትርንጎም ወደ መወልወያዋ። ሌሎቹ ላፕቶፕ አላቸው። እሷ ያላት ያ ስልክ ነው። ኢላይ «በስልክም ይቻላል። ግን አብሮት የሚሄደውን ዕቃ መምረጥ ራሱ ግማሽ ፈተና ነው» ብሏታል።

ግማሽ ማለቱ ሰውየው ጨዋ ሆኖ ነው።

መጀመሪያ ገመዱ። ስልክ ያለው አንድ አፍ ብቻ ነው፤ በዚያው ይበላል፣ በዚያው ያወራል። ሌላ ዕቃ ሲሰካበት «አለቃው አንተ ነህ» ብሎ የሚነግረው ልዩ ገመድ ያስፈልገዋል። ከተማ መሀል፣ ገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ሞሼ የሚባል ሰው አለ። ሞሼ ሳያይ እጁን ወደ መደርደሪያው ልኮ አንድ ገመድ ሰጣት። ቤት ስታመጣው ባትሪ ከመሙላት ሌላ ሙያ የለውም። መለሰችለት።

«ሁሉም አንድ ናቸው» አላት።

«አንድ ከሆኑ ሌላውን ስጠኛ።»

ሌላውን ሰጣት። እሱ ሠራ። በዚያ ደስ ብሏት አንድ ቀን አደረች፤ ደስታው የቆየው ያችኑ አንድ ቀን ነው።

ቀጥሎ አንቴናው። ስልኩ የራሱ ዋይፋይ አለው፤ ነገር ግን የሚሰማው ለሱ የተባለውን ብቻ ነው። ለፍተሻ የሚፈለገው ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ በአየር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚያዳምጥ ነው። ይሄን የሚችለው ከውጭ የሚሰካ አንቴና ነው፤ እሱም ሆዱ ውስጥ ያለችው ቺፕ የተወሰነች ዓይነት ስትሆን። ኢላይ የቺፕዋን ስም ጽፎ ሰጣት። ካርቶኑ ላይ ግን የቺፕ ስም የሚጽፍ የለም፤ እዚያ ላይ ያለው የምትስቅ ፈረንጅ ፎቶ ነው። ትርንጎ በኢንተርኔት ፈልጋ ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር አገኘች፣ ገዛች፣ ሰካች። ስልኩ አላወቀውም። ነቅላ ሰካች። አላወቀውም። የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ አጥፍታ እንደገና ጫነች፤ እዚህ ላይ የሠርግ ፎቶዎቿ ሁሉ አብረው ሄዱ። አሁንም አላወቀውም።

ወደ ሞሼ ተመለሰች። እኔም አብሬያት ነበርኩ፣ ያን ቀን ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ።

«ቁጥሩ ይኸው፣ ያልሽው ነው» አለ ሞሼ ካርቶኑን እያገላበጠ።

«ቁጥሩ ያልኩት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ተመልከት። ጉንዳን የምታህለዋን ሁለት።»

«እሷ ምንም አይደለችም። ሁለተኛው እትም ነው፣ አዲሱ፣ የተሻለው።»

«አዲሱ ላይ ሆዱን ቀይረውታል። እኔ የመጀመሪያውን ነው የምፈልገው።»

ሞሼ መነጽሩን አወለቀና አያት። «እዚህ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲሱን ትቶ አሮጌውን የሚለምን ደንበኛ አይቼ አላውቅም።»

«አሮጌው ነው የሚሰማው። አዲሱ ደንቆሮ ነው» አለችው፤ ወንበር ስባም መደርደሪያው ላይ ወጣች። ሞሼ ሊከለክላት ፈልጎ፣ ያወጣጧን ሥርዓት ሲያይ ተወው። ከፍታ ላይ የሚያጸዳ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ከሁሉም ኋላ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣች። «ሁለት» የለባትም። ሞሼ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና «ይችን ለመጣል ሳስብ ነበር፣ ያላ፣ በይ ውሰጃት» አላት። እኔ ሽንኩርቴን ረስቼ ተመለስኩ።

ይሄ አንቴና ሠራ። ሠራ ስላችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል። ለካ አንቴናው በላተኛ ነው፤ ኃይሉን ከስልኩ ሲስብ ስልኩ ይደክማል፣ ሲደክም አንቴናው ይጠፋል፣ ጠፍቶ ይመጣል፣ መጥቶ ይጠፋል። ያቺን ሹካ ገመድ የገዛችው ለዚህ ነው፤ አንዱ ጥርስ ስልኩ ላይ፣ ሌላው ጥርስ ፓወር ባንክ ላይ፣ እጀታው አንቴናው ላይ። ፓወር ባንኩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አመጣ። አንቴናው ትንሽ ዝም ሲል ፓወር ባንኩ ሰው የለም ብሎ ይተኛል። ትልቅ ዓይነት ለወጠች። ትልቁ ጭራሽ ቶሎ ይተኛል። ሦስተኛ ከእህቷ ተዋሰች። እሱ ከመተኛቱ በፊት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ እያለ ይሰናበታል።

እንግዲህ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ዘፍ ያለችው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ነገ ማክሰኞ።

«የማንን ኔትዎርክ ነው የምትፈትሺው?» አልኳት።

«የናንተን።»

የናንተ ያለችው ሞዓዶኑን ነው፤ የኛ ሽማግሌዎች ቀን ቀን የሚሰበሰቡበት ክበብ፣ እኔ ምግብ የማቀርብበትና ቤቱን የምጠብቅበት። ኢንተርኔት አለው፣ የሚያሰራጨው ሳጥን ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል፣ ቅርብ ነው፣ የሚፈርሙትም የኮሚቴው ሰብሳቢ አባ ዋኘው የራሳችን ሰው ናቸው። ኢላይ አምኖበታል። ወረቀቱን ሰጠችኝና «አባ ዋኘው ይፈርሙልኝ። ነገ ጠዋት ለኩርስ ብዲካ አለኝ በያቸው፣ በቃ» አለችኝ። ብዲካ ማለት በዕብራይስጥ ፍተሻ ነው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ስለምትለው ጆሮዬ ለምዶታል።

አባ ዋኘውን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። «አባ፣ ነገ ጠዋት ሞዓዶን የትርንጎ የኩርስ ብዲካ አለ። ይፈርሙላት» አልኳቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃልም አልቀነስኩም። «ጎሽ ልጄ፣ በሰደር፣ እሺ» አሉና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ከዚያ ለእማማ ይሻሽ ደወሉ። እማማ ይሻሽ ለቀሩት ደወሉ። እኔ ይሄን ሁሉ አላወቅሁም።

ማክሰኞ ጠዋት በስምንት ሰዓት ሞዓዶኑን ስከፍት አሥራ ሁለቱም ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ሌላ ቀን እስከ ዘጠኝ ተኩል እየተንጠባጠቡ ነው የሚመጡት። ዳቦ ቆረጥኩ፣ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ኪያርና ቲማቲም ከተፍኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ማንም አልተነሳም።

«እማማ ይሻሽ፣ ሻይ?»

«ኋላ ልጄ፣ ኋላ።»

«አባ ዋኘው፣ እንቁላል እንኳ ይቅመሱ።»

«ሲያልቅ እንበላለን።»

ምን ሲያልቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጾም ይሆናል፣ ቀኑን ስቼው ይሆናል ብዬ ቀን መቁጠሪያውን ሁለት ጊዜ አየሁ።

ትርንጎ ዕቃዋን በምሳ ዕቃ ውስጥ ይዛ ገባች። ለሁሉም ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኩን አወጣች፣ አንቴናውን ሰካች፣ ሹካዋን ሰካች፣ ፓወር ባንኩን ሰካች። ሽማግሌዎቹ እጇን እጇን ያያሉ። ፓወር ባንኩ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብልጭ አለና ተኛ። ቀሰቀሰችው። ተኛ።

«ግድግዳው ላይ ሰኪው» አልኳት።

«ቻርጀሩን ትላንት ሞከርኩት፤ አንቴናውን አንቀጠቀጠው። ንጹሕ ኃይል ነው የሚፈልገው» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በጣቶቿ መሀል ቴሌቪዥኑን አየች።

የሞዓዶኑ ቴሌቪዥን የሚጠፋው ስንዘጋ ብቻ ነው። ትርንጎ ከኋላው ገባች፣ በእጇ ዳሰሰች፤ ስልክ የሚሰካበት ዓይነት ቀዳዳ አለው። የሹካውን ጥርስ እዚያ ሰካች። አንቴናው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ቆየ። አንድ ደቂቃ ቆየ፣ ሁለት ደቂቃ ቆየ። የስልኩ ፊት ላይ ስሞች እየተደረደሩ መጡ፤ የጎረቤቱ፣ የታችኛው ፀጉር ቤት፣ የሞዓዶኑ። የትርንጎ ፊት በራ። ያን ፊቷን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል እማማ ይሻሽ ተነሱና «የሥራ ሰዓት ነው፣ ጩኸት አያስፈልግም» ብለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። አንቴናው ሞተ።

«እማማ፣ ይክፈቱት፣ ይክፈቱት በናትዎ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው።»

ከፈቱት። አንቴናው ተመለሰ። የስልኩ ባትሪ አርባ አንድ ላይ ነበር፤ ለሥራው አርባ ደቂቃ ይበቃታል፣ ቀስ ካላለች። ጣቷን ልታስነካው ስትል እማማ ይሻሽ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡና ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ ጎን ዘረጉት። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል።

«ከኔ ጀምሪ» አሉ። «ስኳር አለብኝ፤ ያለ ቁርስ ብዙ አልቆይም።»

ዘወር ብዬ ቤቱን አየሁ። አሥራ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። የኩፓት ሆሊም ካርዳቸውን፣ የሕክምና ካርዳቸውን እኮ፣ በእጃቸው ይዘዋል።

ለካ ለሽማግሌዎቻችን ብዲካ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌና ጠርሙስ። የኩርስ ብዲካ ሲባል ደግሞ የሰሙት የቁርስ ብዲካ ነው፤ ያለ ቁርስ የሚመጡበት የደም ምርመራ። እኔ ራሴ ነኝ በአፌ ያስጾምኳቸው። እማማ ይሻሽን እጃቸውን ይዤ ወደ ምግቡ ወሰድኳቸው፣ ሻይ ሰጠኋቸው፣ ዳቦውን አጎረስኳቸው፤ ሌሎቹንም በየተራ። ስመለስ ትርንጎ ያን የተፈረመ ወረቀት ይዛ ቁጭ ብላለች።

«አባ ዋኘው፣ ይሄን ሲፈርሙ ለምን መስሎዎት ነው?»

«ለደሙ ነዋ።»

ጆሮዋ ሥር ሄጄ «ጀምሪ፣ መብራቱ ሳይጠፋብሽ። ኋላ እኔ አስረዳቸዋለሁ፤ ፊርማው እንደሆነ ፊርማ ነው» አልኳት።

«ፊርማው የደም ነው» አለችኝና ሹካዋን ከቴሌቪዥኑ ነቀለች። ሦስት ሳምንት የለፋችበትን አረንጓዴ መብራት በገዛ እጇ አጠፋችው። እኔን አንገበገበኝ።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ምኑን ልንገራችሁ። በዕብራይስጥ የተማረችውን በአማርኛ ስትለው እየባሰ ይሄዳል።

«ወደ ኔትዎርኩ ገብቼ... ሳይፈቀድልኝ እንደሚገባ ሰው ሆኜ... ማለት ሰብሬ...»

«የኛን ቤት ነው የምትሰብሪው?» አሉ እማማ ይሻሽ ዳቦአቸውን ይዘው።

«ቤቱን አይደለም፣ ሲስማውን።» ሲስማ በዕብራይስጥ የይለፍ ቃል ነው።

«ማን ሲሰማ?»

«ሲስማ፣ እማማ።»

«እኮ ማን ሲሰማ? ሰው ሲሰማ ነው የምትሰብሪው?»

ትርንጎ ወደኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሳቅ ይሁን ንዴት እንጃ፣ ሁለቱም ይመስለኛል። የስልኩ ባትሪ ሠላሳ ስድስት።

አባ ዋኘው ማስረዳቱን ከዳር ሆነው ሲሰሙ ነበር። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አሥራ አራት ዓመት የገበያ ማዕከል በር ላይ ዘበኛ ነበሩ፤ ቦርሳ የሚከፍቱ፣ ጋሪ የሚፈትሹ። አሁን እጃቸውን አነሱ።

«ገባኝ» አሉ። «አንቺ ጋሪ የምትገፋዋ ሴት ነሽ።»

«የትኛዋ ሴት፣ አባ?»

«እኛን ሊፈትኑ ይልኩብን ነበር፤ የውሸት ዕቃ የያዘ ሰው፣ ዘበኛው አይቶ ይይዘው ይሆን ብለው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች መጣች። ሕፃን ተኝቷል፣ ተሸፍኗል። የተኛ ሕፃን ባደባባይ ይገለጣል? ዓይን አለ፣ ብርድ አለ። እለፊ አልኳት። ሕፃኑ አሻንጉሊት ነበር። ከሥሩ የውሸት ሽጉጥ።»

እማማ ይሻሽ «አይገለጥም» አሉ በቀስታ።

«ስሜን በዕብራይስጥ ጽፈው ዘበኞች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ለጠፉት። ወር ሙሉ። ስሜን ማንበብ የቻልኩት ያኔ ነው፤ በየቀኑ ሳየው።» ከዚያ ትርንጎን አዩዋት። «አንቺ ቀዳዳ ብታገኚ የማንን ስም ነው የምትጽፊው?»

«ሰው አልጽፍም አባ። የምጽፈው ሳጥኑን ነው።»

«ሳጥኑን ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ያም ሆኖ ሳጥኑን ነው የምጽፈው። ካልፈለጉ አልነካውም፣ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

«ብትሄጂ ምን ይቀርብሻል?»

ነገረቻቸው፤ አራት ሰዓቱን፣ ወረቀቱን፣ ሥራውን፣ መወልወያውን። ሳታስረዝም፣ ሳትለምን። አባ ዋኘው ሰሙና «በመጀመሪያ ቁርስ ልብላ» አሉ።

እንቁላል መላጥ ጀመሩ። አባ ዋኘው እንቁላል ሲልጡ አይታችሁ አታውቁም። ቅርፊቱን እየለቀሙ አንድ በአንድ ሳህን ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ። ስልኩ ሠላሳ ሦስት። ጨው ጠየቁ። ጨው አመጣሁ። ሠላሳ ሁለት። ትርንጎ እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀምጣለች፤ የኔ ጥፍር አልቋል። ሁለተኛ እንቁላል ሲያነሱ ከቤቱ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ተንጎራደድኩ።

ስመለስ እጃቸውን አብሰው «እስኪርቢቶ» ሲሉ ደረስኩ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ በዕብራይስጥ ከተጻፈው ገጽ በስተጀርባ፣ በነጩ ላይ፣ በአማርኛ ቀስ ብለው ጻፉ። ከትከሻቸው በላይ አነበብኩት፦

«ይህ ብዲካ የደም አለመሆኑን ትርንጎ ነግራኛለች። ሳጥናችንን እንድትሞክር አውቄ ፈቅጃለሁ። ቀዳዳ ቢገኝ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። ዋኘው ስሜነህ።»

«አባ፣ ስምዎትን አልጽፍም ብያለሁ እኮ» አለች ትርንጎ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያኔ ሳይጠይቁኝ ነው የጻፉት። ያላ፣ ሥሪ።»

ሠራች። ሹካዋን መልሳ ሰካች፣ አንቴናው በራ። አባ ዋኘው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዘው ከጎኑ ቆሙ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ልቀንስ ያለ ሰው ሁሉ እጃቸውን አይቶ ተመለሰ። አርባ ደቂቃ ያህል የገበያ በር ላይ እንደነበሩት ሆነው ቆሙ። አንዴ አንቴናው ደነገጠና ጠፋ፤ ትርንጎ የፀጉር ላስቲኩን አጥብቃ ገመዱን በጣቷ ደግፋ ይዛ ቀጠለች። ጣቷ እስኪደነዝዝ። ስልኩ አራት ላይ ሲደርስ «በቃ» አለች።

ያገኘችው ሁለት ቀዳዳ ነው። የሳጥኑ ሲስማ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደተሰጠው ነው፤ ሳጥኑ ሆድ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ተጽፏል፣ ኮሪደር ያለፈ ሁሉ ያነበዋል። ደግሞ ኔትዎርኩ ታች አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይደርሳል። ያን ሁሉ ዕቃ መርጣ፣ ያን ሁሉ ተሟግታ፣ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በባዶ ዓይኗም ልታየው ትችል ነበር። ይሄን ስነግራት «እባክሽ ዛሬ እንዳትነግሪኝ» አለችኝ።

ሪፖርቱን ከኔ ወጥ ቤት ሆና በእጇ ጻፈች፤ ስልኩ ሞቷላ። አውቶቡሱ ዘገየ። አዳራሹ የደረሰችው አራት ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ኢላይ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና አማርኛው ላይ ቆመ። ምን እንደሚል ጠየቃት። ተረጎመችለት፤ ደሙን፣ ቁርሱን፣ ጋሪዋን ሴት ሁሉንም ነገረችው። ኢላይ ሌሎቹ ተማሪዎች ያስፈረሙትን ወረቀት ክምር ለአፍታ ተመለከተ። «ከነዚህ ውስጥ ስንቱ የፈረመውን ያውቅ ይሆን?» አለና የሷን ከላይ አስቀመጠው።

ሥራውን በወሩ ጀመረች። ሹካ ገመዱ በሁለተኛው ሳምንት ተበጠሰ፤ ሞሼ አሮጌው እንደሌለው፣ ያለው አዲሱ፣ የተሻለው እንደሆነ ነግሯታል።

ሞዓዶኑ ውስጥ የተለወጠው አባ ዋኘው ናቸው። ሲስማውን ራሳቸው ቀየሩት፣ ለማንም አልነገሩም። ልጆቻቸውን በስልክ ማየት የሚፈልጉት ሽማግሌዎች ስልካቸውን ይሰጧቸዋል፣ እሳቸው ጀርባቸውን አዙረው ያስገባሉ፣ ይመልሳሉ። እኔን፣ የቤቱን ጠባቂ፣ ሁለት ጊዜ «ለምን ፈለግሽው?» ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ገባች፣ የኩባንያ ካርድ አንገቷ ላይ፣ ስልኳን ይዛ።

«አባ፣ ሳጥኑ እንዴት ሆነ? አንድ ጊዜ ልየው፣ ሲስማውን ይንገሩኝ።»

አባ ዋኘው ከኪሳቸው እስኪርቢቶና ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

«ቁጭ በይ» አሏት። «በመጀመሪያ ፈርሚ።»